ያለ ስም የተጻፈችው መስመር

አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ይዘው ቢሯቸው የጠሩኝ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነበር። እኔ መምህር ነኝ። በጋውን ጎጃም፣ ሰከላ ወረዳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ማስተርሴን ደግሞ በክረምት ነበር የምማረው። ርእሴ አሲዳማ አፈርና ገበሬው አሲዱን ለመቀነስ ኖራ የሚጠቀምበት መንገድ ነው። በእኛ ደጋ ይህ የሰርክ ወሬ ነው፤ ዝናቡ ከባድ ስለሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፣ አፈሩ ይኮመጥጣል፣ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም የተጠበቀውን አይሰጥም።

ጠረጴዛው ላይ ጽሑፎችን እያነጻጸረ መመሳሰላቸውን የሚቆጥረው የተርኒቲን ሶፍትዌር ውጤት ተዘርግቷል። 31 በመቶ መመሳሰል ይላል። ገጾቹ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ተዥጎርጉረዋል። ጉልበቴ ከዳኝ።

እሳቸው ግን ቁጥሩን ወደ ጎን አደረጉት። «ይኼን በኋላ እናየዋለን» አሉና አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሶፍትዌሩ ምንም ቀለም ያልነካትን አንዲት መስመር በእርሳስ አከበቧት። መሬቱ ገብስና ስንዴ እምቢ ሲል ገበሬው በደከመ አፈርም ወደሚበቅለው ግብጦ ይዞራል፣ ስለዚህ በአንድ ቀበሌ የግብጦ ማሳ እየበዛ መሄዱ የአፈሩን መድከም ቀድሞ ያሳያል፣ የሚል ነው።

«ይህ የማን ሐሳብ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እንዴት ደረስክበት?»

ዝም አልኩ። መልስ ልፈልግ አፌን ስከፍት አንድ የእሳት ዳር ትዝ አለኝ። ውጭ ዝናብ ይወርዳል፣ ቡና ቀርቧል፣ አንድ «አያ» እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት ገበሬ ይህንኑ ነገር በራሳቸው አንደበት ሲነግሩኝ። እኔ በአማርኛ ሰምቼ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጫር አደረግኩት፣ ስም ግን አልጻፍኩበትም። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ገልጬ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው እንግሊዝኛው የእኔ ስለነበር ሐሳቡም የእኔ መሰለኝ።

ሌብነት ሲባል እኔ የማስበው ሆን ብሎ የሰው ጽሑፍ ገልብጦ ስሙን የሚለጥፍ ሰው ነበር። እንደዚያ ዓይነቱም ሞልቷል። የእኔ ግን እንደዚያ አልመጣም፣ ደብተሬ ውስጥ ነው የጀመረው። ለመጻፍ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ጥፋቱ አልቆ ነበር።

ለቀለማቱ ስንመለስ ታሪኩ ያው ሆኖ ተገኘ። ሰከላ እያለሁ መብራት ሲጠፋ የስልኬ ባትሪ ሳያልቅ ብዬ ከፒዲኤፍ ላይ ዓረፍተ ነገሮችን እየቀዳሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንዳንዱን እንዳለ፣ አንዳንዱን አሳጥሬ፣ አንዳንዱን ከራሴ አስተያየት ጋር ቀላቅዬ። የጥቅስ ምልክት የለ፣ ገጽ የለ። ክረምት ገብቶ ሁለተኛውን ምዕራፍ ስጽፍ የትኛው የእኔ፣ የትኛው የጸሐፊው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ታዲያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ አንድ ስምና ዓመት ሰክቼ ሳይት አደረግኩ ብዬ አለፍኩ። አማካሪዬ ይህን እየጠቆሙ ያሉኝን አልረሳውም፤ «መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ስም ጠርተህ ከላይ ያለው ስድስት ዓረፍተ ነገር የማን እንደሆነ አንባቢህ በምን ይወቅ? ደግሞ ቃሉ የእሳቸው ከሆነ የጥቅስ ምልክቱ የታለ?»

ስለ ተርኒቲን አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ተማሪ በከንቱ ይጨነቅበታል። ሶፍትዌሩ ሰረቅክ አይልም። የሚለው ይህ ጽሑፍ እዚያ ካለው ጋር ይመሳሰላል ብቻ ነው። ከእኔ 31 በመቶ ውስጥ ብዙው የዋቢ ዝርዝሩ፣ የመሥሪያ ቤት ስምና ሁሉም የአፈር ተመራማሪ የሚጠቀምበት የላብራቶሪ አገላለጽ ነበር። ዋቢውንና በጥቅስ ያሉትን አውጥቶ የሚቆጥርበት ማስተካከያም አለው። ስለዚህ ቁጥሩን ለማውረድ ቃል እየለዋወጡ ማደር ፋይዳ የለውም፣ እንዲያውም ጥፋቱን ይደብቀዋል። የእኔ ትልቁ ስርቆት የነበረው ዜሮ በመቶ በታየበት ቦታ ነው። አያ በተርኒቲን ቋት ውስጥ የሉማ።

ያን ሰሞን አጎቴ ጋ ሄድኩ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፣ በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ ኮቸሮ ለምነው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ። የገጠመኝን ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። ቅኔ ቤት ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር፣ ጢሻ ለጢሻ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። «የሰው ቅኔ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም ነበር» አሉኝ። «አንዷን ቤት ብሎ ሳይጨርስ ከጎኑ ያለው ተማሪ የእገሌ ናት፣ እገሌ ደብር ለእገሌ በዓል የተባለች ናት ይለዋል። ቅኔ ከነባለቤቷ ነው የምትያዝ።» ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ የተባለውን እንደራስ አድርጎ መድገም ነውር ነው። «ዘረፈ» የሚለው ቃል እንኳ ቅኔ ቤት ሲገባ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ቅኔ ዘረፈ ማለት ከራሱ አፍልቆ አወረደው ማለት ነው። ጎጃም ተወልጄ ይህንን እየሰማሁ አድጌ፣ ሳይቴሽን የፈረንጅ ደንብ ነው ብዬ ማሰቤ ቆጨኝ። የማን ናት ብሎ መጠየቅ እዚሁ ደጃፌ ነበር።

እንግዲህ ከዜሮ ጀመርኩ። አዲስ ደብተር ገዛሁ። የጸሐፊውን ቃል እንዳለ ከወሰድኩ እዚያው ስጽፍ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቼ ገጹን ጎኑ ላይ አሰፍራለሁ፣ በኋላ አይባልም። በራሴ ቃል ካሳጠርኩት «በእኔ ቃል» እላለሁ፣ ስሙና ገጹ ግን ይኖራል። የራሴ ሐሳብ ሲመጣ በቀይ እስክርቢቶ «እኔ» ብዬ እጀምራለሁ። ከሰው አፍ የሰማሁት ደግሞ ማን፣ የት፣ መቼ። ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ በአንድ ማታ አሥር ጽሑፍ እጨርስ የነበርኩት ሰውዬ ሦስት ላይ ወረድኩ። ግን ለመጻፍ ስቀመጥ ምዕራፉ በግማሽ ጊዜ አለቀ፣ ምክንያቱም ይቺን ከየት አመጣኋት እያልኩ የምበረብረው ነገር አልነበረም።

በራስ ቃል መጻፍ ላይም ትልቅ ስህተት ነበረብኝ። አንድ ጽሑፍ «ከፍተኛ ዝናብ ካልሲየምን ከአፈር አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል» ቢል፣ እኔ «ብዙ ዝናብ ካልሲየምን ከመሬት ጠራርጎ ስለሚያስወግድ መሬቱ አሲድ ይበዛዋል» ብዬ የራሴ አደረግኩት እል ነበር። ይህ ቀሚስ መቀየር ነው፣ አጥንቱ የሰውየው ነው። አሁን የማደርገው ጽሑፉን አንብቤ እዘጋዋለሁ፣ ተነስቼ ትንሽ እንጎራደዳለሁ፣ ከዚያ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንደማስረዳ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሲዘጋ መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው፣ ተመልሼ አነባለሁ። ጽፌ ስጨርስ ከዋናው ጋር አስተያየዋለሁ። በራስ ቃል ስለተጻፈ ብቻ ግን ስም መጥራቱ አይቀርም! ይህን የማያውቅ ስንት መምህር አለ። ሐሳቡ የሰው ከሆነ ቃሉን ብንቀይረውም የሰው ነው። ግሽ ዓባይ ሰከላ ውስጥ ነው ለማለት ዋቢ አያስፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋል። የአንድ ቀበሌ አፈር ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ ይህን ያህል ነው ለማለት ግን የለካው ሰው መጠራት አለበት።

ከግብርና ጽሕፈት ቤት ያገኘኋት አንዲት የአማርኛ መምሪያም ነበረች፣ ስለ ኖራ አጨማመር የምታስረዳ። ሁለት ገጿን ተርጉሜ አስገብቼ ዋቢ ሳልጠቅስ ቀረሁ። መምሪያ ናት፣ ጥናት አይደለችም ብዬ። አንድ ባለሙያ ተቀምጦ የጻፋት ናት እኮ። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚሻገር ስርቆትን ሶፍትዌር በቀላሉ አያገኘውም፣ እኛ ዘንድ የሚበዛውም ይኸው ይመስለኛል።

ሌላው ያልታየ ሸክም የዋቢ ዋቢ ነው። ሦስት ጽሑፎች አንድ ዓይነት አሃዝ ይዘው ሦስቱም አንድን የቆየ ጥናት ይጠራሉ። እኔም ያላየሁትን ጥናት እንዳነበበ ሰው ጠራሁት። አማካሪዬ «አይተኸዋል?» ሲሉኝ አፈርኩ። ፈልጌ ሳገኘው አሃዙ የተለካው ሌላ አካባቢ ነው፣ ስለ ጎጃም አንድም ቃል አይልም። ዋናውን ማግኘት ካልተቻለ «እገሌ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብሎ በሐቅ መጻፍ ነው።

ስማችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ማጣቀሻዎቼን ዞቴሮ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ማደራጀት ጀመርኩ፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ግን የእኛን ስም እንደ ፈረንጅ ይገለብጠዋል። የታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ አወጣቸው። ዘውዴ የአባታቸው ስም ነው! እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው። በኢትዮጵያ ጥናት የተለመደውም ሙሉ ስምን ሳይገለብጡ በመጀመሪያው ስም መደርደር ነው። ዞቴሮ ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ እንደዚያ አድርጌ አረምኩት። ክፍለ ትምህርቱ ኤፒኤ በሚባለው የዋቢ አጻጻፍ ደንብ 7ኛ እትም ጻፉ ስላለ፣ የአበሻ ስም እንዴት ይጻፍ ብዬ አስቀድሜ ጠየቅኩና የተባልኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት አደረግኩ።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ። በ2005 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ 2005 ብቻ ብዬ ብተወው የእንግሊዝኛ አንባቢ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ይደመራል። የታተመበት ወር ካልተጻፈ እንደኔ እንደኔ ዓ.ም. መሆኑን በግልጽ ጽፎ መተው ይሻላል።

አሁን የማስተምራቸው ልጆች ቻትጂፒቲን ዋቢ ስጠን ይሉታል። ይሰጣቸዋል፤ ደራሲ፣ ዓመት፣ የመጽሔት ስም፣ ሁሉም ያማረ። አንዱ ያመጣውን ዝርዝር አብረን ስንፈልግ ሁለቱ ጽሑፎች ዓለም ላይ የሉም። ያልከፈታችሁትን አትጥሩ ብያቸዋለሁ።

ወደ አያ ልመለስ። የጥናት ተሳታፊ ስም እንዳይወጣ ቃል ገብተን ስለነበር በኮድ ነው የጻፍናቸው፤ ሐሳቡ ግን የእሳቸው እንደሆነ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን ጭምር፣ በግልጽ ሰፈረ። ጽሑፉን ከማስገባቴ በፊት ያቺን ገጽ ወደ አማርኛ መልሼ ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታም መጠየቅ ነበረብኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ «እስቲ አንብበው» አሉ።

አነበብኩላቸው። ስለ ኖራው የተናገሩትን ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግብጦው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። የኖራውን ያልሁህ እኔ ነኝ። የግብጦው ግን የእኔ አይደለም፣ ካማቼ የሰማሁት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና መሬት አንባቢ ነበሩ። የእርሳቸው ነው በልልኝ።»

እስክርቢቶ አውጥቼ እዚያው አረምኩት።