ስንቁን ማን አዘጋጀው?

በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ ሳነብ ዐይኔ አንዲት ሴት ፍለጋ ይንከራተታል። አርበኛው ከገደል አፋፍ አድፍጦ ጠላቱን ይጠብቃል። የያዘው ምንሽር ይሁን ውጅግራ፣ በዝናሩ ስንት ጥይት እንደቀረው ደራሲው አንድም ሳያስቀር ይነግረኛል። ከጎኑ ባለችው ስልቻ ውስጥ በሶ አለ። በሶውን ማን እንደፈጨው፣ ከማን ቤት እንደወጣ፣ በማን ጀርባ ተጭኖ እዚያ ገደል እንደደረሰ ግን አንድ መስመር አላገኝም። ትጥቁ ምዕራፍ ሲሰጠው ስንቁ ከሰማይ እንደወረደ መና ዝም ተብሎ ይበላል።

ነገሩ ሲከነክነኝ ቆይቶ ራሴ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ባለታሪኬ ከእንጦጦ ሥር የምትኖር ጠጅ ጣይ ናት፤ ባሏ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። ረቂቁን ያነበበች አንዲት ወዳጄ «ለመሆኑ ይህች ሴት የምትሸፍተው መቼ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አትሸፍትም አልኋት። ቅር አላት።

ቅሬታዋ ይገባኛል። ጠመንጃ ያነሱ ሴቶች ነበሩን፤ ታሪካቸውም ገና በቅጡ አልተነገረም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሳ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ ተዋግተዋል። ስለ እሳቸው አሥር መጽሐፍ ቢጻፍ አሥሩንም ገዝቼ አነባለሁ። ነገር ግን ሴት በልብ ወለድ ውስጥ የምትከበረው ስትተኩስ ብቻ ከሆነ፣ ሳትተኩስ የሠራችው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለታችን ነው። «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» የሚለውን አባባል የምንጠላ ሰዎች ማጀቱንም አብረን መናቃችን ያሳዝነኛል። ጦርነቱ እኮ ማጀት ውስጥም ነበር።

ማጀቱን በዐይኔ ለማየት መንዝ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። የድንጋይ ወፍጯቸው ዛሬም ከጓዳቸው አልወጣም። «እትዬ፣ በሶ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከመጀመሪያው ያሳዩኝ» አልኋቸው። ገብሱ በሙቀጫ ተሸከሸከ፣ በሰፌድ ተንገዋለለ፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ታመሰ። እሳቱ ከበረታ ያርራል፣ ከላላ ጥሬ ጥሬ ይላል። እትዬ ወደ ምጣዱ ጎንበስ ብለው እንኳ አላዩም፤ ሽታው ሲደርሳቸው «በቃው፣ አውጪው» አሉኝ። ወፍጮው ሥር ተንበርክኬ መጁን ስይዝ ደግሞ «በክንድሽ አይደለም ልጄ፣ በወገብሽ ግፊው» ብለው አስተካከሉኝ። ከመጁ ሥር የሚወጣው ዱቄት እጅግ ጥቂት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ገፍቼ የሰበሰብሁት አንድ ጎልማሳ ከሁለት ቀን በላይ የሚያውለው አይመስለኝም። ትከሻዬ ዝሏል፤ እትዬ ግን ከጎኔ ቁጭ ብለው በልጅነታቸው ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው እያንጎራጎሩ ይፈጩ እንደነበር ያጫውቱኛል።

ከዚያ ወዲያ የጦርነት ታሪክ ሳነብ «ሦስት መቶ ሰው አስከትሎ ወረደ» የሚል ነገር ሲያጋጥመኝ ወዲያው የሚታየኝ ወፍጮው ነው። ሦስት መቶ ሰው ለአንድ ሳምንት ስንት ሴት ስንት ሌሊት ትንበረከክ?

በሶ የተመረጠበትም ምክንያት አለው። ለጉዞ ይቀላል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ከሁሉ በላይ ግን እሳት አይፈልግም፤ ጨውና ጥቂት ውሃ ካለ በመዳፍ ተለውሶ ይበላል። ጠላት አውሮፕላን ነበረው፤ ከጫካ የሚወጣ ጭስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እሳቱ አስቀድሞ በሴትየዋ ምድጃ ስለነደደ አርበኛው ጫካ ውስጥ ማንደድ አላስፈለገውም። ይህ የጦር ስልት ካልሆነ ስልት ምንድን ነው?

በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይም ነገሩ ያው ነበር። ሠራዊቱን የሚቀልብ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ እህሉንና ምጣዱን ተሸክመው ከጦሩ ኋላ የተጓዙት፣ በውጊያውም ቀን ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያቀበሉት ሴቶች ናቸው። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጠላትን የውሃ ምንጭ ማስያዛቸውን ሁላችንም በኩራት እናነሣለን። የራሳቸውን ወገን ውሃ ያጠጡትን ግን ስም የሚጠራላቸው የለም።

ወደ ከተማዋ ሴት ልመለስ፣ ልቤ ያለው እሷ ዘንድ ነውና። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ብዙ ሰው ወደ ዱር እንዲገባ አድርጓል። የወጣው ሲወጣ ከተማ የቀረችው ሴት ከጠላት ጋር በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ መኖር ነበረባት። የውስጥ አርበኞች የምንላቸው ከዚህ መካከል የወጡ ናቸው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፤ ለአርበኞች ጥይት፣ ልብስ፣ መድኃኒትና ወሬ ሲያቀብሉ ተይዘው ብዙ ተሠቃይተዋል፤ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘው ከተመለሱም በኋላ ሥራቸውን አልተውም። እሳቸው ባለሀብትና ባለስም ስለነበሩ ታሪካቸው ተረፈ። ከእሳቸው እጅ ተቀብላ እስከ ገጠር ያደረሰችው፣ ከዚያም ለሌላ ያስረከበችው ሴት ስም ግን የለም። እንዲህ ዓይነት ሥራ በአንድ ሰው ብቻ አይሠራም።

ስሟ የጠፋው በቸልታ ብቻ አይደለም። በጊዜው ስም መጻፍ ማለት ገመድ አንገት ላይ ማስገባት ነበር። የእንግሊዝን ሴቶች ስመለከት ልዩነቱ ጎልቶ ይታየኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእርሻ የተሰማሩት ሴቶች አረንጓዴ ሹራብ ለብሰው፣ ተመዝግበው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ነበር የሚሠሩት። በ1941 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያላገቡ ወጣት ሴቶችን ለአገልግሎት የሚጠራ ሕግ ወጣ። መዝገብ ስላለ የእንግሊዝ ደራሲ ቢፈልግ መዝገቡን ከፍቶ ይጽፋል። የእኛዋ ሴት የደንብ ልብሷ የዘወትር ነጠላዋ ነው፤ ደኅንነቷም ማንም ስለ እሷ አለማወቁ ነው። መዝገብ የሌላትን ሴት ከመጥፋት ሊያድናት የሚችለው ልብ ወለድ ይመስለኛል፤ እሱም ከረሳት ሌላ የሚያስታውሳት የለም። ስለዚህ ነው በዚህ ጉዳይ ላይ የማልለዝበው።

በግልጽ የተሠራም ሥራ አልጠፋም። ጦርነቱ በተጀመረበት ወቅት በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ለቁስለኛ ፋሻ ያዘጋጅ ነበር፤ ልዕልት ፀሐይና አብረዋቸው የሠሩ ሴቶች የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ሰፍተዋል። ጠላት ያፈሰሰው መርዝ ቆዳን የሚያቃጥል፣ ባዶ እግሩን የሚሄድን ሰው ከምድር የሚጠብቅ ዓይነት ስለነበር ጭምብል ብቻውን ብዙም አያድንም። ይህን ሳስብ እነዚያ መርፌ የያዙ እጆች ይታዩኛል። ልዕልቲቱ በስደት ሎንዶን ውስጥ ነርስነት ተማሩ፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር።

ከረቂቄ ሁሉ ያስቸገረኝ የለቅሶው ምዕራፍ ነው። ባለታሪኬ ወንድሟ ጫካ ውስጥ መሞቱን በምስጢር ትሰማለች። ድንኳን ብትተክል፣ ደረቷን ብትደቃ፣ «ወንድምሽ የት ሆኖ ነው የሞተው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ለጎረቤቶቿ ጠጅ እየቀዳች፣ እየሳቀች ሰነበተች። በሳምንቱ አንዲት ሽማግሌ ጎረቤት በሕመም ሲሞቱ ለቅሶ ደረሰች፤ እዚያ አምርራ አለቀሰች። ሰዉ «እንዲህ ትወዳቸው ነበር ለካ!» አለ። ሙሾ አውራጇ ብቻ ነገሩ ገባት፤ የሟቿን ስም ትታ የጀግና ሙሾ ማውረድ ጀመረች። አጼ ምኒልክ በክተት አዋጃቸው ጉልበት የሌለው በሐዘን እንዲረዳቸው ጠይቀው ነበር። ከእሳቸው በኋላ በመጣው ጦርነት ደግሞ ሐዘኑም እንደ ጥይት የሚደበቅ ሆነ። ይህን ምዕራፍ እስካሁን አልጨረስሁትም፤ ሙሾው ገና አልመጣልኝም። ባለታሪኬ ስታለቅስ ከጎረቤቶቿ አንዷ «ለጣሊያን ጠጅ የምትቀዳ ባንዳ፣ አሁን ደግሞ ታስመስላለች» ብላ እንድታንሾካሹክ አድርጌአለሁ። ወዳጄ ይህን ሰርዢው አለችኝ። አልሰርዘውም። ጠላት ብቻ ሳይሆን ወገንም ሲጠረጥራት ዝም ብላ መቻሏን አንባቢ ማወቅ አለበት።

ሚያዝያ 27 እየተቃረበ ነው። በየቤታችሁ አያት ወይም ቅድመ አያት ስንቅ ፈጭታ፣ መልእክት አድርሳ፣ ቁስለኛ ጓዳዋ ደብቃ ከሆነ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። ስሟን መግለጥ ካልፈለጋችሁ ይቅር። ምን እህል እንደነበር፣ በማን እጅ እንደተላከ፣ ማታ ነው ወይስ ገበያ ቀን፣ ውሻው እንዳይጮኽ ምን ይደረግ እንደነበር፣ እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው። የሚያውቁ እናቶች በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።