ነፋስ ጭኖ ስሜን መውጣት

ደባርቅ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ የጉዞ ዕቃ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጀሪካን፣ ቡታጋዝ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ፍራሽ። ባለ በቅሎዎቹ እየዞሩ በዓይናቸው ይመዝናሉ። አንድ አዛውንት የእኔን የድንኳን ጥቅልል አንስተው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ዘንጉስ የታለ?»

«ዘንግ የለውም አባባ። አየር ነው የሚያቆመው።»

ጥቅልሉን እንደያዙ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «ይቺ ልጅ ነፋስ ልታስጭነን ነው!» ሁሉም ሳቁ።

ይሳቁ እንጂ፣ ነፋሱ እዚያው ተራራው ላይ በነፃ ይገኛል። ሥራዬ ቦርሳና ድንኳን መስፋት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠባብ ወርክሾፕ አለችኝ። ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው ለእግር ጉዞ የሚሆን፣ በአየር የሚቆም ቀላል ድንኳን ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ሲነፋ ቆንጆ ሆኖ ቆመ። ጣሪያ ሥር የማይቆም ድንኳን ግን የለም። ስለዚህ ወደ ስሜን ተራሮች። (የማወራችሁ መንገዱ ሰላም ስለነበረበት ጊዜ ነው።)

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚያ የመግቢያውን ትከፍላላችሁ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፣ በቅሎ ትከራያላችሁ፣ ከዚያ በእግር ነው። የመጀመሪያው ማረፊያ ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው። ድንኳኑ ቆመ፣ ተኛሁ፣ ነጋ። ስለ ሳንቃ በር አዳር ከዚህ በላይ የማወራው የለኝም።

ማታ ላይ ግን ስካውቱ ድንኳኑን የሚያቆመውን፣ አየር የተሞላውን ቱቦ በአውራ ጣታቸው ጫን እያደረጉ «ጎማ ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ልክ እንደ ብስክሌት ጎማ ሁለት ንብርብር አለው። ውስጡ ከመነዳሪ ነው፤ ቲፒዩ ከሚባል፣ እንደ ላስቲክ ከሚለጠጥ ስስ ፕላስቲክ በሙቀት የተበየደ። ውጪው የማይለጠጥ የፖሊስተር ጨርቅ ነው። ከመነዳሪው አየሩን ይይዛል፤ ጉልበቱን የሚሸከመው ጨርቁ ነው። ከመነዳሪውን ብቻውን ብትነፉት እንደ ፊኛ አብጦ ይፈነዳል።

ድንኳን የሚሰፋ ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ሲቀጥን ጨርቁ ያንሳል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይሄድም። ቱቦው ሳይታጠፍ የሚችለው ጫና ግፊቱ በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ከውፍረቱ ጋር ግን ውፍረቱ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ በተባዛው ልክ ነው። ውፍረቱን በግማሽ ቀንሱት፣ ያንኑ ጥንካሬ ለማግኘት ግፊቱን 8 እጥፍ ማድረግ ሊኖርባችሁ ነው። እኔ ያመዛዘንኩት በ5 እና በ7 ሴንቲ ሜትር መካከል ነበር። ግፊታቸው እኩል ከሆነ ባለ 7ቱ 2.7 እጥፍ ያህል ይችላል። ባለ 5ቱን እዚያ ላድርስ ካልኩ ደግሞ ጨርቁና ስፌቱ ላይ የሚመጣው መሳብ በእጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ ወፍራም ጨርቅ ያስፈልገኛል፣ ያተረፍኩት ክብደት እዚያው ይበላል። ባለ 7ቱን መረጥኩ።

ትልልቆቹም ከዚህ ሒሳብ አላመለጡም። የስኮትላንዱ ቫንጎ የቤተሰብ ድንኳኖች ቱቦ ወፈር ያለ ነው፣ ግፊቱም 7 ፒኤስአይ ገደማ፣ በሌላው የግፊት መለኪያ ግማሽ ባር ያህል ነው፤ የሚጓዙት ግን በመኪና ነው። የሐምቡርጉ ሃይምፕላኔት በ2011 በፈረንጆቹ «ዘ ኬቭ» የሚባለውን አወጣ። ቱቦዎቹ እርስ በርስ ተገናኝተው በአንድ ቀዳዳ ይነፋሉ፣ ከተነፉ በኋላ ግን በክፍል በክፍል ይዘጋሉ፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ይቆማል። በጣም የምቀናበት ሐሳብ ነው። ክብደቱ ግን ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። የአሜሪካው ኒሞ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመታቱ በአየር የሚቆሙ ቀላል ድንኳኖችን ሠርቶ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ወደ ዘንግ ተመልሷል።

በማግስቱ በጅንባር ፏፏቴ በኩል ወደ ግጭ ወጣን። ወንዙ ጋ ስንወርድ መንገዱ ጠበበ። ከፊታችን የነበረች የሌላ ቡድን በቅሎ ጎኗን ከድንጋይ ጋር አሻሸች፣ ጭነቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ማታ ግጭ ላይ ሰዎቹ የድንኳናቸውን ዘንግ በፕላስተር ሲጠቀልሉ አየኋቸው። የእኔ ጥቅልል በዚያው ድንጋይ ተሻሽቶ ነው ያለፈው። ውስጡ የሚሰበር ነገር የለማ።

ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ሜዳው ሁሉ ጓሳና ጅብራ ነው። የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ደባርቅ ላይ ጥቅልሌን የዳበሱት ባለ በቅሎ አባባም የዚያው ተወላጅ ናቸው። ቤታቸው የነበረበትን ቦታ በዱላቸው አመለከቱኝና ወዲያው ስለ በቅሎዋ ማውራት ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ከገደሉ በኩል ነፋስ ተነሣ። ካስማ ቸክዬ መንፋት ጀመርኩ። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ መንፊያው በአንድ ምት የሚስበው አየር ስስ ነው። ግማሽ ባር ለመድረስ ጅቡቲ ባሕር ዳር ላይ ከምትነፉት አንድ አምስተኛ ያህል ጨምራችሁ መንፋት አለባችሁ፤ ያውም እስትንፋሳችሁ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው «በርቺ ልጄ» ይሉኛል። ድንኳኑ ግን ቆመ። ነፋሱ ሲያገረሽ ጎኑ እስከ ፊቴ ድረስ ጎበጠ፤ ሲተወው ቀጥ አለ። በአየር መሥራትን የወደድኩት ለዚህ ነው። ዘንግ ከልኩ ካለፈ ይሰበራል። ቱቦ ይታጠፋል፣ መልሶ ይነሣል።

ሌሊት ሌላ ጉድ መጣ። ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ፣ ጣሪያው ዝቅ ብሎ የመኝታ ከረጢቴን ነክቷል። በባትሪ መለኪያውን አየሁ። ማታ 0.5 ባር ላይ የተውኩት መርፌ 0.4 ላይ ነው። ልቤ ወረደ። ስፌቱን አንድ በአንድ በከንፈሬ ፈተሽኩ፣ የሚተነፍስ ነገር የለም። ፀሐይ ወጣች፣ ጓሳው ላይ ያለው ውርጭ ቀለጠ፣ እኔ ቡናዬን ስጠጣ መርፌው በራሱ ጊዜ ወደ 0.5 ተመለሰ።

ቀዳዳ ሳይሆን ብርድ ነው። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ከ25 ዲግሪ ወደ ዜሮ ሲወርድ ከጠቅላላው ግፊት 8 በመቶ ያህል ይሄዳል። ጠቅላላው ውስጥ ግን የውጪው አየርም አለበት፤ እኛ የምንጠቀምበት ከላይ ያለውን ትርፉን ብቻ ነው። ስለዚህ ከትርፉ አንድ አምስተኛው ይቀንሳል። መፍትሔው ጎህ ሲቀድ ማጠንከር ይመስላል አይደል? ተጠንቀቁ። በውርጭ ጊዜ ጠንክሮ የተነፋ ቱቦ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ከ0.6 ባር በላይ ይሄዳል፣ ስፌት የሚበጠሰው ያኔ ነው። ከልክ ያለፈውን ራሱ የሚያስተነፍስ ቫልቭ የግድ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ክብደት ለመቀነስ ብለው ይተዉታል። ቫልቭ የሌለውን ድንኳን ለስሜን ብሎ የሚሸጥልኝ ሰው ቢመጣ አልገዛውም።

በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ ተሻገርን። እሜት ጎጎ ጫፍ፣ 3,926 ሜትር ላይ ቆሞ ገደሉን ቁልቁል ማየት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ጨነቅ ላይ ችግሩ ወፍ ሆነ። ትልልቆቹ ቁራዎች ካምፑን ለምደውታል፤ አንዱ መጥቶ ቀዩን የቫልቭ ክዳን በዚያ ወፍራም አፉ ነቅሎ ይዞ ሄደ። ቀጣዩ ክዳን ግራጫ ይሆናል፣ በገመድም ይታሰራል።

የእኔ ድንኳን ከነመንፊያው ከ3 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ዘንግ ያለው ጥሩ የሁለት ሰው ድንኳን 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ በእግር ጉዞ ምርኩዝ የሚቆሙት ደግሞ ከ1 ኪሎም ያንሳሉ። ስለዚህ ጀርባችሁ ላይ የምትሸከሙ ከሆነ የእኔን አትግዙ። በቅሎ ለሚሸከምለት መንገደኛ ግን አንድ ኪሎ ምንም አይደለም። ለእሱ የሚያስፈልገው የማይሰበርና መንገድ ላይ የሚጠገን ነገር ነው። ከመነዳሪዎቼ በዚፕ ይወጣሉ፤ እሾህ ቢወጋቸው ማንም ጎሚስታ ይለጥፋቸዋል።

ስካውቱ ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ዞሩት። «ውስጡ እሳት ይነድበታል?»

«ኧረ በፍጹም ጋሼ፣ ይቀልጣል።»

«እንግዲያማ ለኛ አይሆንም።» ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ማብሰያው ጎጆ ሄዱ።

አባባ ግን የሚገዙት ነገር አግኝተዋል። ድንኳን አይፈልጉም። በበቅሎዋ ጭነት ላይ የሚደፋ፣ አንድ ቱቦ መሐሉ ላይ ያለው፣ ዝናቡን ወደ ጎን የሚያወርድ ልባስ ስፊልኝ አሉኝ። ሜትሬን አውጥቼ ጭነቱን ከነኮርቻው ለካሁ፣ በቅሎዋ ሁለቴ ልትረግጠኝ ምንም አልቀራት። ልኩ ደብተሬ ላይ አለ። ዋጋው ላይ ግን ገና አልተስማማንም።