ተራ ቁጥር 14

ዛሬ ጠዋት አንድ ቢሮ ደጅ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ በዊልቸር የመጣች ሴት አለች። ተራዋ 14፣ የእኔ 15።

መግቢያው ላይ አምስት ደረጃ አለ። ከጎኑ ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ተሠርቷል። አዎ፣ ተሠርቷል! ግን ሦስት ትልልቅ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበታል። አበቦቹ ውሃ የጠጡ፣ ቅጠላቸው የተወለወለ፣ በደንብ የተያዙ ናቸው።

ጥበቃው ደግ ሰው ነው። "እንሸከምሻለን እህቴ" አላት። ሁለት ወጣቶችም እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀረቡ። እሷ ግን "አይ፣ አመሰግናለሁ" አለች። በመጨረሻ አንዷ ሠራተኛ ፎርምና ማኅተም ይዛ ወረደች። ሴትዮዋ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፈረመች። ሰልፈኛው ሁሉ ሠራተኛዋን "ተባረኪ" አላት። እኔም ብያለሁ።

ልትሄድ ስትል ዞር አለችና፣ "እንደ ሰው ውስጥ ሆኜ 'አሥራ አራት!' ሲባል መስማት ነበር የፈለግኩት" አለችኝ።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሏል፤ መጸዳጃውንም ጭምር። በዓመቱ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። የትኛውም "ተሸከሟት" አይልም። እኛ ግን መብቷን ውለታ አደረግነው። ያቺ ደግ ሠራተኛ ፈቃድ የወጣች ቀንስ?

ስወጣ ጥበቃውን ስለ ማሰሮዎቹ ጠየቅኩት። "ኃላፊው ናቸው ያስቀመጧቸው፣ ለውበት" አለኝ። ተጋግዘን አንዱን ገፋ አደረግነው። ሁለቱ ከበዱን።