«መልስልኝ» ብዬ ተስዬ ነበር

ስሜን አልጽፍም። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እንደኔ ያለውን ሰው ያሳስራል፤ የሰፈር ወሬ ደግሞ ከእስሩ ይብሳል። ግን እመሰክራለሁ ብዬ ተስያለሁ፤ ስለት ዕዳ ነው።

ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «ይህን ነገር ከላዬ አንሳልኝ»። ለንስሐ አባቴ «ክፉ ሐሳብ አስቸገረኝ» ብቻ አልኳቸው። ሁለት ሱባዔ ፀበል ገባሁ። ምንም አልተነሳልኝም። እኛ እርስ በርስ የምንጠራራበትን «ዜጋ» የሚለውን ቃል እንኳ ገና አልሰማሁም ነበር።

ጥቅምት 20 ቀን 2014 የህወሓት ኃይሎች ደሴ ሲገቡ ጓደኛዬ እናቱን በባጃጁ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። «አብሽር፣ ነገ እመጣለሁ» አለኝ። በማግስቱ ኮምቦልቻም ተያዘች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ። እኔ ዘንድ የቀረው ጃኬቱ ነው። ቤንዚንና ሰንደል ይሸታል።

አንድ ሌሊት ተኩሱ ሲበረታ ከአከራዬ ጋር ወለል ላይ ተኛን። እትዬ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ ለሚካኤል አደራ ይሰጣሉ። እኔም አፌን ስከፍት የወጣው የሱ ስም ነው። ወረኢሉ ያለችው እናቴ ትዝ ያለችኝ ከሱ በኋላ ነው፤ አፈርኩ። ጃኬቱን ተከናንቤ «ወድጄዋለሁ» አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሃል ማን ይሰማኛል?

ከዚያች ሌሊት ወዲህ «አንሳልኝ» ማለት ተውኩ። «መልስልኝ» ብቻ። እስላም ነው፣ ወንድ ነው፣ አንተ ታውቃለህ፣ ብቻ መልስልኝ።

ኅዳር 27 መከላከያ ከተማዋን መልሶ ያዘ። ኅዳር 29 ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የሐረጎን ዳገት በእግሩ ወጥቶ መጥቷል። ከስቷል። የአንድ እግሩ ጫማ በሲባጎ ታስሯል። እናቱ ደህና ናቸው። ስለ ባጃጁ አልጠየቅኩትም፣ ፊቱ ነግሮኛል።

የነቢያት ጾም ስለነበር የሥጋ ጣጣ አልነበረብንም። አንድ ሳህን ሽሮ ቀርቦ አብረን በላን። እትዬ ሲያጎርሱት ያለቅሳሉ።

ከዚያ ዓይኑ ላዬ ላይ አረፈ።

«ለበስከው እንዴ?»

«በርዶኝ ነው» አልኩት።

በኅዳር ደሴ ይበርዳል፤ አልዋሸሁም።