በሮማንቲክ ግጥም ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ

ሮማንቲክ ስል የፍቅር ግጥም ማለቴ አይደለም፤ ተፈጥሮንና ስሜትን ያስቀደመውን የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ነው። የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት በእንግሊዛዊው ገጣሚ በዊሊያም ዎርድስዎርዝ ግጥሞች ላይ ነው፤ ተፈጥሮና ሰው እንዴት እንደተሳሰሩባቸው። በዚህ ርዕስ ፕሮፖዛል ልታስገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ርዕስ ማስጸደቅና አማካሪ ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። ግጥሞቹም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። መከራው የሚጀምረው ፕሮፖዛሉን በፈታኞች ፊት በምታስረዱበት በፕሮፖዛል ዲፌንስ ላይ ነው።

ይዤ የቀረብኩት ሐሳብ አንድ ነበር፦ በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም፤ ግጥሙ ቢደብቀው እንኳ አጠገቡ ሰው አለ። ለምሳሌ የመረጥኩት የዳፎዲል አበቦቹን ግጥም ነው። ገጣሚው እንደ ደመና ብቻዬን ስንከራተት አገኘኋቸው ይላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1802 በኡልስዎተር ሐይቅ ዳር ሲያያቸው እህቱ ዶሮቲ አብራው ነበረች። ከአበቦቹ አንዳንዶቹ እንደደከመው ሰው ድንጋይ እንደተንተራሱ፣ ሌሎቹ ከነፋሱ ጋር እየጨፈሩ የሚስቁ እንደሚመስሉ በዕለት ማስታወሻዋ ጽፋዋለች። ወንድሟ ግጥሙን የጻፈው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ የታተመው ደግሞ በ1807። ጭፈራው ግጥሙ ውስጥ ገብቷል፤ የደከሙት አበቦችና ዶሮቲ ግን የሉም። ከግጥሙ ሁለቱን ምርጥ ስንኞች ያመጣችው ሚስቱ ሜሪ መሆኗንም ራሱ ተናግሯል። የብቸኝነት ግጥም የምንለው የሦስት ሰው እጅ አለበት!

ከፈታኞቹ አንዱ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «ዳታው የታለ?» አሉኝ። ዛፍ፣ ወንዝ፣ አበባ፣ ተራራ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ተቆጥሮ በሠንጠረዥ ይቅረብ፣ መቶኛም ይሠራለት አሉ። ዶሮቲስ ብዬ ስጠይቅ «እሷ ከግጥሙ ውጭ ናት» የሚል መልስ አገኘሁ። መመሪያው ዋቢዎች የቅርብ ዓመታት ይሁኑ ስለሚል፣ ገጣሚው የገጠር ሰውን ኑሮ ለምን እንደመረጠ ያስረዳበት፣ ለግጥም መድበሉ በ1800 የጻፈው መቅድም «አሮጌ ምንጭ» ተባለ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ሠንጠረዡን ሠራሁት፤ ካልሠራሁ አላልፍም። በዋይ ወንዝ ዳር ባለው የፈረሰ ገዳም ስም የቲንተርን አቢ ግጥም የሚባለው ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ጨርሶ አልሆን አለ። ጁላይ 13 ቀን 1798 ገጣሚው ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ዋይ ወንዝ ተመልሶ ቁልቁል ሲመለከት ከዛፎቹ መሃል ጭስ ይወጣል። ቤት አልባ መንገደኞች፣ አለዚያም አንድ ባሕታዊ ያነደደው ይሆናል ይላል። ታዲያ ጭሱ የቱ ዓምድ ውስጥ ይግባ? «ተፈጥሮ» ውስጥ እንዳስገባው ታዘዝኩ። ዊሊያም ጊልፒን የተባለ ቄስ ግን በ1782 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በገዳሙ ፍርስራሽ ስለሚኖሩ ለማኞች በዝርዝር ጽፏል። ያንን ያነበበ ሰው ጭሱን እንደ ጉም አያየውም፤ የድሃ እሳት ነው። ግጥሙም ዝቅ ብሎ የሰውን ልጅ የሐዘን ዜማ ሰማሁ የሚለው ከዚህ ጭስ ተነሥቶ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ያስረዳሁበት ምዕራፍ ለሠንጠረዡ ቦታ ሲለቀቅ ወደ ሁለት አንቀጽ ወረደ። አልፌያለሁ፤ በምዕራፉ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ «ሮማንቲሲዝም ምንድን ነው» በሚል ትርጓሜ አትጀምሩ። መጀመሪያ ግጥሙን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ከዚያ የዶሮቲን ማስታወሻ፤ ቲዎሪው መጨረሻ ይምጣ። የጥናት ዘዴ በሚለው ክፍል ውስጥ የምትሠሩት የጽሑፍ ትንተና እንጂ ቆጠራ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፋችሁ ከዲፌንሱ በፊት አማካሪያችሁን አስፈርሙ። አስተያየት በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይሰጠኝ በሉ። ለእኔ በቃል የተሰጠኝ ትእዛዝ በመጨረሻው ዲፌንስ ላይ ተለውጦ፣ ሠንጠረዡን ያዘዙት ሰው ራሳቸው «ይህ ሁሉ ቁጥር ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠይቀውኛል።