መጫወቻ ከመትከላችሁ በፊት መሬቱን ያዙ

የሰፈራችንን የተተወ መናፈሻ የልጆች መጫወቻ ስናደርገው፣ ምነው አንድ ሰው ቀድሞ በነገረኝ ብዬ እስከ ዛሬ የምቆጭበት ነገር አለ። የዥዋዥዌው ወይም የሸርተቴው ጉዳይ አይደለም። ከሥራቸው ያለው መሬት ነው።

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። ጽዳቱን ጎረቤቱ ተባብሮ ሠራ። የጠርሙስ ስባሪና የተጣለ መርፌ በወፍራም ጓንትና በመቆንጠጫ ነው የሚነሳው፤ ልጆችን ለዚህ ሥራ አታሰልፉ። እይታ የሚጋርደውን ቁጥቋጦ መለመልን። አግዳሚ ወንበሮቹን ደግሞ የተቀመጠ ሰው ልጆቹን እንዲያይ አዞርናቸው። መሬቱ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ለማግኘት ሁለት ቢሮ አመላለሱን። አንዱ "የእኛ አይደለም" ይላል፣ ሌላው "እነሱን ጠይቁ"። ያበሳጫል፣ ግን ያልፋል።

ያላለፈልኝ የኮንክሪቱ ነገር ነው።

መጨረሻ ላይ ፈቃድ የሰጠን ቢሮ "መሬቱን እኛ እናዘጋጅላችኋለን" አለን። ደስ ብሎን አመሰገንን። አንድ ቀን ጠዋት ብንሄድ፣ ለመወጣጫው የመረጥነው ትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር በሙሉ ኮንክሪት ተሞልቷል። ኃላፊውን ጠየቅሁት።

"እናቴ፣ ለጽዳት ይመቻል እኮ። ጭቃ የለ፣ አቧራ የለ።"

"ልጅ ከላይ ቢወድቅስ?"

"እንዲጠነቀቁ ንገሯቸው።"

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ልጅ ይወድቃል! መጫወቻ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ዋናው ምክንያት መውደቅ ነው። ተነስቶ መሮጡን ወይም ሐኪም ቤት መሄዱን የሚወስነው ደግሞ ያረፈበት ነገር ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የመጫወቻ መመሪያ ኮንክሪትና አስፋልትን ብቻ ሳይሆን ሣርንና ተራ አፈርንም አይቀበልም። ሣር እግር ሲበዛበት ይነጫል፣ ከሥሩ ያለው አፈርም ይጠጥራል። መመሪያው የሚቀበለው እንደ እንጨት ፍቅፋቂና አሸዋ ያለ ሲወድቁበት የሚሸሽ ነገር ነው። ውፍረቱ ከ23 ሴንቲሜትር መውረድ የለበትም፤ እየተጠቀጠቀ ስለሚሄድ ሲሞላ 30 ይደረጋል። አሸዋ በ23 ሴንቲሜትር ውፍረት የሚበቃው ለ1.2 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ እስከ 3 ሜትር ይሄዳል። ንጣፉ ከመወጣጫው ዙሪያ በየአቅጣጫው 1.8 ሜትር መውጣት አለበት፤ ልጅ ቀጥ ብሎ አይወድቅምና።

ይህን ሁሉ አትሜ ወሰድኩላቸው። ኃላፊው ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ "ርክክቡ ተፈርሟል" አለኝ። አሁን ማፍረስ ንብረት ማውደም ነው ተባልን። ከዚያ በላይ ያለው ቢሮ ወደ እሱ መለሰን። እሱ ደግሞ "ምንጣፍ ነገር አንጥፉበት" አለ። እሺ ብንል ኖሮ መወጣጫው እዚያው ተተክሎ፣ ተመርቆ፣ ፎቶም ተነስቶ ነበር። እሺ አላልንም። በዚህ እኮራለሁ።

መጨረሻ ላይ ኮንክሪቱን ለኳስና ለብስክሌት ተውነውና መወጣጫውን ወደ ሌላኛው ጥግ ወሰድነው። ጥጉ ውሃ የሚተኛበት ስለነበር ቦይ መቆፈር ነበረብን። ጥላም የለውም። ብረቱ ሸርተቴ በቀትር እጅ አያስነካም፤ ከላዩ የጥላ ሸራ ወጠርን። አንድ ሰው ሳይጠይቅ ኮንክሪት በማፍሰሱ ይህ ሁሉ ሥራ መጣ። ስለዚህ "እናዘጋጅላችኋለን" ሲሏችሁ ወዲያው አታመስግኑ። ምን እንደሚነጠፍ፣ በምን ያህል ውፍረት፣ የት ድረስ፣ በጽሑፍ አስፈርሙ።

መወጣጫው ሲመጣም ሜትር ይዛችሁ ጠብቁ። ከ9 እስከ 23 ሴንቲሜትር የሆነ ክፍተት አደገኛ ነው፤ የልጅ ገላ በእግሩ በኩል ሾልኮ ጭንቅላቱ ይቀረቀራል። የእኛ መወጣጫ ደገፋ ላይ በሁለቱ ብረቶች መካከል ሜትሩን ዘረጋሁት፦ 15 ሴንቲሜትር። ለቁጥጥር የመጣው ሰው ያየው ቀለሙን ነበር። በየመሃሉ ተጨማሪ ብረት አስበየድን።

ቢሮው በአጥር ዝጉና ቆልፉ ይላል። እኔ አትቆልፉ እላለሁ። ቁልፍ ትልልቆቹን አያግድም፣ ዘለው ይገባሉ፤ ውጭ የሚቀሩት ትንንሾቹ ናቸው። በመኪና መንገዱ በኩል ዝቅ ያለ አጥር ይበቃል። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ የመሣሪያውን ብዛት ቀንሱ እንጂ ንጣፉን አትንኩ። የኔዘርላንድሱ አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ ከ1947 ጀምሮ በአምስተርዳም ከ700 በላይ መጫወቻዎች ሲነድፍ በአብዛኛው የተጠቀመው የአሸዋ ገንዳና ቀላል የብረት መወጣጫ ነበር። ልጆቹ ግን ተጫውተውባቸዋል።

የመጨረሻው ነገር ጥገናው ነው። ዥዋዥዌ ሥር ያለውን ፍቅፋቂ የልጆቹ እግር እየገፋ ጉድጓድ ያደርገዋል። ምሰሶው ላይ ንጣፉ የሚደርስበትን ከፍታ በቀይ ቀለም አስምሩ፤ መስመሩ ከሥሩ ክፍተት ካሳየ ያየ ሰው ሁሉ መሙያ ጊዜው እንደደረሰ ያውቃል። ቢሮው ምሰሶውን ያበላሻል፣ አጥፉት ብሎናል። አላጠፋነውም።