3 ጊጋዬን ማን በላው?

ማረፊያው የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ዋይፋይ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የለም። ብዙም አልደነገጥኩም፤ ስልኬ ላይ 3 ጊጋ ዳታ አለኝ። እስከ ጠዋት መድረስ ያለበት አንድ ሪፖርት ብቻ ነው፣ ከነፎቶዎቹ 40 ሜጋ አይሞላም።

የስልኬን ዳታ በዋይፋይ ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን ሆትስፖት ከፈትኩ። ላፕቶፑ ላይ ስሙን አገኘሁት፣ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፣ ተገናኘ። ከዚያ ሪፖርቱን ለመጨረሻ ጊዜ ላነበው ቁጭ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ልልከው ስል አልሄድ አለ። ስልኬን ባየው ጥቅሌ አልቋል።

ቪዲዮ አልከፈትኩ፣ ምንም አላወረድኩ። በጣም ተናደድኩ። ላፕቶፑ ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ዩሴጅ» የሚል ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ስንት እንደተጠቀመ ያሳያል። አንደኛ የተቀመጠው «ሲስተም» ነው። ወደ አፕዴት ገጹ ሄድኩ፤ የዊንዶውስ አፕዴት ከግማሽ በላይ ወርዶ ቆሟል። ከእሱ ቀጥሎ ፎቶዎቼን ወደ ክላውድ የሚጭነው ፕሮግራም አለ። ላፕቶፑ የስልኬን ሆትስፖት እንደ ቤት ዋይፋይ ቆጥሮታል፤ ስንት ቀን ያጠራቀመውን ሥራ ሁሉ በአንዴ ጀመረ።

መፍትሔው አንዲት ማብሪያ ናት። ላፕቶፑ ሴቲንግ ውስጥ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም ተጭናችሁ ስትገቡ «ሜትርድ ኮኔክሽን» የሚል አለ። እሱን ስታበሩት ዳታው በልክ መሆኑን ላፕቶፑ ያውቃል፤ አብዛኛውን አፕዴት በራሱ አያወርድም። ይህን ከመንገዱ በፊት ባውቅ ኖሮ!

1 ጊጋ እንደገና ገዛሁ። አሁን ደግሞ ኔትወርኩ አስቸገረ። ክፍሉ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ አልጋው ጋ አንድ መስመር ብቻ ይታያል። ስልኩን የመስኮቱ ደፍ ላይ ሳስቀምጠው ሦስት ሆነ። ግን ባትሪው 18 ፐርሰንት ደርሷል፣ ጀርባውም ግሏል። ሆትስፖት ስልክን እንዲህ ነው የሚያደክመው፤ ከኔትወርኩም ከላፕቶፑም ጋር እኩል ያወራል።

ስለዚህ በኬብል ላገናኘው አሰብኩ። ስልኩ ላይ ዳታን በኬብል የሚያካፍለው «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ግን ደብዝዞ አልነካ አለኝ። ኬብሉ ቻርጅ ያደርጋል፣ ዳታ አያስተላልፍም። እንዲህ ዓይነት ኬብል ብዙ አለ፣ በመልክ አይለይም። ከቦርሳዬ ሌላውን አውጥቼ ሰካሁ፤ ወዲያው በራ። ስልኩ መስኮት ላይ እንዳለ ከላፕቶፑ ቻርጅ እያገኘ ዳታ ይሰጣል። ብሉቱዝም ይቻል ነበር፣ ለዚህ ፋይል ግን በጣም ይዘገያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኬብል ስትገናኙ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ኔትወርክ ነው የሚያየው። ለዋይፋዩ ያበራችሁት ማብሪያ ለኬብሉ አይሠራም፤ «ኢተርኔት» በሚለው ሥር ገብታችሁ እንደገና ማብራት አለባችሁ። ይህን ያየሁት ፎቶ መጫኛው እንደገና ሲነሳ ነው፤ ቶሎ አቆምኩት።

ሪፖርቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሄደ። ጠዋት ዓይኔን እንደገለጥኩ የቀረኝን ዳታ አየሁ፤ 900 ሜጋ አለ።